የጃጃ ቢጫ ጨርቅ

ጃጃ በየማለዳው፣ የጫማቸውን ክር ገና ሳያስሩ፣ ከሱሪያቸው የቀኝ የኋላ ኪስ ቢጫ ጨርቅ መዘዝ አድርገው ወለሉ ላይ ይጥላሉ። አንድ ቀን ዳቦው አርሮ ነው። አንድ ቀን ጋዜጣው ከደጃፉ አልፎ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እኔ ባዶ የወተት ካርቶን ፍሪጅ ውስጥ መልሼ ነው። ጨርቁ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ጫፉ ላይ ደረቅ ባቄላ ተቋጥሮበታል፤ ወለሉን ሲነካ ጠብ የምትል፣ ከስድብ የምትከብድ ድምፅ አለችው።

«ጥፋት» ይላሉ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደማይታይ ስታዲየም ዞረው። «ባዶ ካርቶን መመለስ። አምስት ያርድ ወደ ኋላ።»

ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ኩሽናችን ጠባብ ስለሆነ አምስት ያርድ ማለት በጥር ወር በካልሲ ጓሮ መውጣት ማለት ነው። ከዚያ ተመልሼ ጨርቁን አነሳና እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። የቤቱ ደንብ ነው፤ ጨርቁን የሚያነሳው ያጠፋው ሰው ነው፣ የጣለው አይጎነበስም። ነፍሷን ይማርና አያቴ ጀንቪቭ ለአርባ ስድስት ዓመት አንስታለች። «እኔን ያጎበጠኝ እርጅና መስሏችኋል» ትል ነበር ወገቧን ይዛ፤ «የካዝ ጨርቅ ነው።»

ጃጃ በእኛ በፖላንድ ልጆች ቤት አያት ማለት ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ግን ክቡር ካዚሚር ፒየትራስ፣ ባጭሩ ካዝ፣ ሊቀ ዳኞች ዘቺክቶዋጋ፤ ለሃያ ስድስት ዓመት በዚህች የአሜሪካ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፉትቦል ዳኛ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ያለ ሹመትና ያለ ደመወዝ የዓለም ሁሉ ዳኛ። የእኛ ፉትቦል ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ነው፤ ዳኛው ጥፋት ሲያይ ቢጫ ጨርቅ መሬት ላይ ይጥላል፣ ያጠፋው ቡድንም በያርድ ተቆጥሮ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ በዚህ አገር የለም። ሠላሳ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች አሉን፤ ሠላሳ ሁለቱም የተበደሉ ናቸው። ዳኞች ለሌሎቹ ሠላሳ አንዱ እንደሚያደሉ በማስረጃ የሚያስረዳ አንድ ሽማግሌ በየመንገዱ ተቀምጧል። ማስረጃውን ካልሰሙለት ይታመማል፤ ከሰሙት ደግሞ አይጨርስም። እነዚህ ሁሉ ሽማግሌዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢሰበሰቡ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው ሕንፃው ወደ አንድ ጎን አዘምሟል ብለው ተስማምተው ይወጡ ነበር። ወደ የትኛው ጎን እንደሆነ ብቻ ሳይስማሙ።

የእኛው ሽማግሌ ከሌሎቹ የሚለዩት ጨርቁን ከቤት ውጭም ይዘውት ስለሚዞሩ ነው። አባ ዜኖን የዕለቱን ስብከት ከሃያ ደቂቃ ያሳለፉ እንደሆነ ከወንበሩ ሥር ጠብ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ «ሰዓት ማባከን።» የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው ቄሱ ሳይጨርሱ ሙሽሪትን ሳማት፤ ጠብ፤ «ሳይፈቀድ መነሳት።» የልብ ሐኪማቸው ከቀጠሮው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ገብቶ፣ የልብ ቧንቧቸው እንደጠበበ ሲነግራቸው፣ የክቡርነታቸው ጨርቅ ጫማው ላይ አረፈ። ሐኪሙ የዚህ ከተማ ልጅ ነውና ጎንበስ ብሎ አነሳና «ስንት ያርድ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሰሙት ሐኪም እሱን ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ሳል ዲፓስኳሌ ብዙ ጨርቅ ተጥሎበታል። በረዶ ሲዝቅ የድንበሩን መስመር አልፎ ወደ እኛ ግቢ ይገፋል።

«ካዝ፣ ይሄ በረዶ እኮ ነፋስ ከሐይቁ ያመጣው ነው» ይላል ሳል አካፋውን ተደግፎ። «ሐይቁ ላይ ለምን አትጥልበትም?»

«ሐይቁ መስመር አልጣሰም።»

«አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ሬሳ ሳጥንህ ላይ ቆሜ ጨርቅ እጥልብሃለሁ።»

«ቀድመኸኝ ካልሞትክ። ያኔም ሳይፈቀድልህ ተነስተህ ነው የምትሄደው።»

እሑድ ሲሆን ግን ቀልዱ ያበቃል። የእኛ ቡድን ከማንም ጋር ቢጫወት ጃጃ ይናደዳሉ፤ በዚህ ቤት ስማቸው ከማይጠራው ጋር ሲጫወት ግን ይታመማሉ። «እነዚያ» ነው የሚባሉት። እነዚያ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደራርበዋል። እነዚያ ሲወድቁ ዳኛው ጨርቅ ይጥልላቸዋል፣ የእኛ ልጅ ሲወድቅ ሣሩን ያየዋል። ጃጃ ሪሞቱን ይዘው ምስሉን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ በጣታቸው የቴሌቪዥኑን መስታወት እየነኩ ያስተምራሉ። መስታወቱ ላይ፣ ልክ የዳኛው ኪስ በሚሆንበት ቦታ፣ የማይጠፋ የጣት አሻራ አለ።

«ደንቡ አንድ ነው» ይላሉ ሁልጊዜ። «ዓይኑ ነው ሁለት። ለእነዚያ የሚያይበትና ለእኛ የሚያይበት።»

«እርስዎስ ጃጃ፣ ዳኛ ሳሉ?»

«እኔ ያየሁትን ጣልኩ።»

ይህች ሦስት ቃል የቤታችን ጸሎት ናት። ከሁሉ የሚንቁትም የጣለውን መልሶ የሚያነሳ ዳኛ ነው። አንዳንዴ ዳኞች ተሰብስበው ይመክሩና ጨርቁ በስህተት ነው የተጣለው ከተባለ፣ የጣለው ራሱ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፤ ጥፋት የለም ማለት ነው። ጃጃ ያኔ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «የጣለውን የሚያነሳ ዳኛ መጀመሪያውንም አላየም። ማየት ያቃተው ሰው መጎንበስ አያቅተውም።»

ያየሁትን ጣልኩ የሚሉት ለምን እንደሆነ ቺክቶዋጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። በኅዳር ወር ነው፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ። የትምህርት ቤቶቹ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የተመደበው ዳኛ መኪና በረዶ ውስጥ ተቀብራ ቀረች። ጃጃ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው፣ የእኔ አባት ጀሪ፣ ይጫወት ነበርና። አባት ልጁ በሚጫወትበት ጨዋታ መዳኘት ክልክል ነው። ነገር ግን ባለ ጥቁርና ነጭ ሸሚዛቸውና ፊሽካቸው ሁልጊዜ መኪናቸው ውስጥ ስለሚውሉ ሁለቱም አሠልጣኞች መጥተው ለመኗቸው። «ካዝ ከሆነ ግድ የለም» አሉ። ግድ የለም የተባለ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው ሆነ።

አባቴ ከፊት ሆኖ ኳስ ለያዘው መንገድ የሚከፍት ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የፊትህን ሰው ደረቱን መግፋት ይፈቀዳል፣ ከደረቱ ውጭ ጨብጦ ማስቀረት ግን ጥፋት ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩ አባቴ መንገዱን ከፈተ፣ ጓደኛው ኳሱን ይዞ ነጥብ የሚቆጠርበትን መስመር አለፈ፣ ሰዉ ተነሣ። ቢጫዋ ጨርቅ በረዶው ላይ ነበረች። ቁጥር ስድሳ ሰባት፣ መያዝ። ነጥቡ ተሰረዘ፣ ቡድናቸው ተሸነፈ። አባቴን ለቡድኑ ሊመርጥ ከፔንሲልቬንያ የመጣው የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ደብተሩን ዘግቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ከተማው ግን ሌላ ነገር አገኘ፤ በገዛ ልጁ ላይ የጣለ ዳኛ። በየመጠጥ ቤቱ ተወራ፣ በየዓርቡ የቤተ ክርስቲያን የዓሣ ጥብስ ላይ ተወራ። ትልቆቹ ዳኞች ባደሉ ቁጥር ሰዉ ጣቱን ወደ ጃጃ ይቀስራል። «እንዲህ ያለ ሰው ቢኖራቸው» ይላል።

አባቴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጄ ደረቱ ላይ ነበር።» ይህን ለሦስት ዓመት ያህል አለ፣ ከዚያ መናገሩን ተወ። ሥራ አገኘ፣ የሄደበትም ከተማ ከከተሞች ሁሉ የእነዚያ ከተማ ሆነ። ልጅ ሆኜ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ወደ ጃጃ የመጣሁት እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው፣ ከዚያም ቀረሁ። ሁለቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደዋወላሉ፣ ለገናና ለፋሲካ።

«ስንት ጣለ?» ይላል አባቴ፣ ስለ በረዶው።

«ሁለት ጫማ» ይላሉ ጃጃ።

«ብዙ ነው።»

«እናትህ ሰላም ትልሃለች።» አያቴ ከሞተች በኋላ ይህኛው ቀረና ንግግሩ በበረዶው ያበቃ ጀመር።

ዘንድሮ የአካባቢያችን ዳኞች ማኅበር የጃጃን ፊሽካ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ወሰነ። ቅዳሜ ዕለት የራት ግብዣ ይኖራል፣ በራት ላይም የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል። ጽሑፉን ግጥም የተማረችው የልጅ ልጅ ትጻፍ ተባለ።

«ግጥም እንዳይሆን ብቻ» አሉ ጃጃ። «ሰው ራት እየበላ ነው።»

«ምን ልጻፍ ታዲያ?»

«ያችን ቀን ጻፊ። ያየሁትን ጣልኩ በይ። ሌላው ትርፍ ነው።»

«አባዬን ልጥራው?»

ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጣጠፉት፣ መልሰው ከተቱት። «ወንበር ይያዝለት» አሉ።

አባቴ ጋ ደወልኩ።  «በዚያች ጨርቅ ነው አይደል የሚሸልሙት?» አለ። «እንድመጣና ዓሣ እየበላሁ እንዳጨበጭብ ነው የምትፈልጊው?»  እኔ ስፈራ ድምፄ ይጠፋል። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው፣ በቀስታ።

ከራቱ በፊት ባለው እሑድ ለእኛ ቡድን ከእነዚያ ጋር መጫወት ደረሰው። የተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጨዋታ ነው። ሳል አንድ ባልዲ ሙሉ የዶሮ ክንፍ ይዞ መጣ፣ ታጣፊ ጠረጴዛችንን ዘርግተን ተቀመጥን። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ እየመራን ነበር። ከዚያ እነዚያ እንደ ልማዳቸው መጡ። ኳስ የያዘው ልጃቸው በተከፈተለት መንገድ ገብቶ መስመሩን አለፈ። ሳል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጃጃ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሣሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ነበረች።

ጥፋቱ የእነዚያ ነው አለ ዳኛው። ቁጥር ሰባ አራት፣ መያዝ። ነጥቡ ተሰረዘ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ አሸነፍን።

በእኛ ከተማ ድል ሲገኝ ሰው ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ይሰብረዋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ሳል ሰባውን ያለፈ ስለሆነ በአንድ ጉልበቱ ብቻ ወጣበት፤ ጠረጴዛው ግን ለክብሩ ሲል ተሰበረ። የዶሮ ክንፉ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ወደ ኋላ መልሺው» አሉኝ ጃጃ።

መለስኩት። ቁጥር ሰባ አራት የፊቱን ሰው ሲገፋ ይታያል። ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው።

«አንድ ጊዜ ድገሚው።»

ደገምኩት። ሰባት ይሁን ስምንት ጊዜ ደጋገምነው። ሳል ክንፎቹን ከምንጣፉ ላይ እየለቀመ ቀና አለ።

«ካዝ፣ አሸነፍን እኮ።»

«ልጁ አልያዘም።»

«አልያዘም። እና ምን ይጠበስ? ሃምሳ ዓመት ያደላሉ እያልክ ጆሮዬን በላኸው፤ ዛሬ ሲያደሉልን ደግሞ ታኮርፋለህ?»

«ዳኛው ከኋላ ነው የቆመው» አሉ ጃጃ። ጣታቸው መስታወቱን ነካ። «እጁን ሊያየው አይችልም። ጀርባውን ብቻ ነው የሚያየው። አየሽው? ሰዉ ሲጮህ ዞር አለ። ከዚያ ጣለ።»

እነዚያ ተበደሉ የሚል ቃል በዚህ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሳልም ገብቶት ይሁን ሳይገባው ባርኔጣውን አነሳ። «የጠረጴዛውን ነገር ነገ እናያለን» ብሎ ወጣ።

ጃጃ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። እጃቸውን የቀኝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጨርቁን አወጡና ጣሉት። ጠብ አለች።

«ማን ላይ ነው?» አልኩ።

 እንደ ልማዴ ላነሳ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተዪው። ያጠፋሽው የለም። ለአባትሽ ደውዪልኝ።»

ገናም ፋሲካም አልነበረም። ቁጥሩን መታሁና ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ጆሮአቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጀሪ፣ ጨዋታውን አየኸው?»

«አየሁት። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«ቁጥር ሰባ አራት አልያዘም።»

«አውቃለሁ።»

«እጁ ደረቱ ላይ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ። ዛሬ ምን ሆነሃል?»

ጃጃ የተሰበረውን ጠረጴዛ ያዩ ነበር። «አንተም አልያዝክም» አሉ።

 ማሞቂያው ግድግዳው ውስጥ ኳ ኳ ይል ነበር።

«አላየሁም» አሉ ጃጃ። «እኔም ከኋላ ነበርኩ፤ ያየሁት ጀርባህን ነው። ከወዲያኛው ወንበር አንድ ሰው አባቱ ነው፣ ዳኛው አባቱ ነው እያለ ይጮህ ነበር። የሰማሁትን ነው የጣልኩት። ለልጁ አደላ እንዳይሉኝ።»

የአባቴ ድምፅ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እጄ የት እንደነበረ ራሴን እስክጠራጠር ድረስ» አለ። «ሌሊት እየተነሳሁ በግድግዳ ላይ እየሞከርኩ። ይሄን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አንተ ግን እንዳላየህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ቅዳሜ አልመጣም።»

«ለቅዳሜ አይደለም የደወልኩት።»

«እሺ።» ሊዘጋ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን «ስንት ጣለ?» አለ።

«ሁለት ጫማ።»

«ማን ይዝቅልሃል?» ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ልጅህ» አሉ ጃጃ። «ሳልም ይዝቃል፣ መስመር እየጣሰ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የጻፍኩትን እንዳመጣ አዘዙኝ። የመጀመሪያውን ገጽ በእርሳስ ሰረዙት። «እንዳላየሁ ጻፊ» አሉ። «የሰማሁትን እንደጣልኩ ጻፊ። እንዳይሉኝ ፈርቼ እንደሆነም ጻፊው። ማኅበሩ ይስማ፣ ሳልም ይስማ።» ከዚያ ወደ ወለሉ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከስልኩ በኋላ ያደረግሁትን ግን ተዪው። እሱ ይቅር። የዚያ የሳል መሳቂያ አታድርጊኝ።»

ቅዳሜ ዕለት ጽሑፉን አባ ዜኖን አነበቡት፤ እኔ ሰው ፊት ማንበብ አልችልም። አዳራሹ ውስጥ ሹካ ሲቀመጥ ተሰማ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት ጣራውን አየ። ያም ሆኖ ሚስማሩ ቀድሞ ተመትቶ ስለነበር ፊሽካው ተሰቀለ። ያጨበጨበ ጥቂት ሰው ነው። ለአባቴ የተያዘው ወንበር ላይ ካፖርቶች ተከመሩበት። ሳል ሳህኑን ወደ ጃጃ ገፋ አደረገና «ብላ፣ ዓሣው ቀዝቅዟል» አለ። ጃጃ በሉ። ዓሣው ጨው በዝቶበት ነበር፣ ጨርቁ ግን አልወጣችም።

ለራቱ የተነበበው ላይ እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ፤ አንዷን ትቻለሁ። እዚህ መተው ግን አልሆነልኝም፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አምስት ያርድ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያን እሑድ ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ጃጃ በተሰበረው ጠረጴዛ እግር ተደግፈው፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበታቸውን፣ ቆይተው ሌላውን አጠፉ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ፈጀባቸው። እጄን ዘረጋሁ፣ አልያዙትም። ከዶሮ ክንፎቹ መካከል ቢጫዋን ጨርቅ በጣታቸው ፈልገው አገኟትና፣ ራሳቸው አነሷት።